ሚኒባስ ውስጥ ለማደር የሠራሁት የመስኮት ወንፊት

ቢምቢ መኪና ውስጥ የምትገባው በወንፊቱ ቀዳዳ ሳይሆን በጠርዙ ነው። ለሃያስ ሚኒባሴ መስኮቶች ወንፊት ስሠራ ሁለት ጊዜ አፍርሼ ሦስተኛ የሠራሁት ይህን ዘግይቼ ስለተረዳሁ ነው። ጊዜዬን ሁሉ ጨርቅ በመምረጥ አጠፋሁ፤ ጠርዙን ግን በአራት ቁራጭ ቬልክሮ ለጥፌ ተውኩት። በሁለት ቬልክሮ መካከል ጨርቁ ትንሽ ሲረግብ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል። ከውስጥ ደግሞ የሰው ትንፋሽና ሙቀት በዚያው ክፍተት ይወጣል፤ ቢምቢ የምትከተለውም ያንኑ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ከጨርቁ ይልቅ ስለ ጠርዙ ብዙ እጽፋለሁ።

ጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚሁ ለሚያድር ሰው ነገሩ ያን ያህል አያሳስብም። ግን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ጎርጎራ ጣና ዳር ለሚያድር፣ ወይም ወደ መተማ ቆላ ለሚወርድ፣ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው የወባ ወቅት፣ መስኮት ከፍቶ መተኛት ያለ ወንፊት አይታሰብም። ዘግቶ መተኛትም በቆላ ሙቀት አይቻልም።

ጨርቁ

ለቤት መስኮት የሚሸጠው የአሉሚኒየም ወንፊት ለመኪና አይሆንም። አንዴ ከታጠፈ የታጠፈበት መስመር አይጠፋም፣ ከጊዜ በኋላም እዚያው ላይ ይበጠሳል። ፋይበርግላሱ የተሻለ ነው፤ አይዝግም፣ ይጠቀለላል። ተራው ዓይነት በአንድ ኢንች 18 በ16 ክር ስላለው ለቢምቢ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ በመርፌ ሲወጋ ክሩ ስለሚንሸራተት ጠርዙ መታጠፍና ሁለት ጊዜ መሰፋት አለበት። እኔ በመጨረሻ የመረጥኩት የፖሊስተር አጎበር ጨርቅ ነው። የተለመደው አጎበር በካሬ ኢንች 156 ቀዳዳ አለው፤ ይህ የወባ ትንኝን ያግዳል፣ አየርም በደንብ ያሳልፋል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር፦ ለቤተሰብ የታደለ፣ ሰው የሚተኛበትን ደህና አጎበር ለዚህ ብላችሁ አትቁረጡ። ያረጀና የተቀደደ ካለ ደህናውን ክፍል መጠቀም ይቻላል። ከሌለ ከገበያ በሜትር የሚሸጠውን ግዙ።

ቀለሙ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ቢሆን ይመረጣል። ነጭ ጨርቅ ብርሃን ስለሚመልስ ከውስጥ ወደ ውጭ ስታዩ ጭጋግ ይመስላል።

ወደ መተማና ሁመራ ለምትሄዱ ሌላ ጉዳይ አለ። ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ባለ 156 ቀዳዳውን ጨርቅ ታልፋለች። ድምፅ የላትም፤ ስለዚህ ጆሮ ላይ የምትጮህ ነገር ስለሌለ ደህና ነን ማለት አይቻልም። ለዚያ መንገድ ቀዳዳው በዓይን በጭንቅ የሚታይ ስስ መጋረጃ ከአጎበሩ ሥር ደርቤ ሰፍቻለሁ። አየሩ በጣም ይቀንሳል፤ ሆኖም ከጤና ጋር አይወዳደርም። መኪና ስታቆሙም ከግራር ሥርና ከተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬት ራቁ፤ ዝንቧ ቀኑን የምትውለው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ልኩ

በሜትር ብቻ ለክታችሁ አትቁረጡ። የመስኮቱ ጥግ ክብ ነው፣ ላይኛው ጠርዝም ትንሽ ጎበጥ ይላል። እኔ የተጠቀምኩት ከሰል ነው። በመስኮቱ ዙሪያ ወንፊቱ የሚያርፍበትን ጠርዝ በደቃቅ ከሰል በጨርቅ ትቀባላችሁ። ከዚያ ሰፊ ካርቶን ታስጠጉና በመዳፋችሁ ዙሪያውን ትጫናላችሁ። ካርቶኑ ሲነሳ የመስኮቱ መስመር ከነጥጉ ታትሞበት ይገኛል። ያንን በመቀስ ቆርጣችሁ መልሳችሁ ሞክሩት፤ የሚነካውን እየከረከማችሁ፣ የጎደለውን በፕላስተር እየሞላችሁ አስተካክሉ። የግራና የቀኝ መስኮት አንድ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የራሱን ካርቶን ሥሩ፣ «ግራ ፊት»፣ «ቀኝ ኋላ» ብላችሁም ጻፉበት።

ሁለተኛው ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር። የጎን መስኮቱ ተንሸራታች ስለሆነ የሚከፈተውን ግማሽ ብቻ ሸፈንኩ። ነገር ግን መስታወቱ ሲከፈት በሁለቱ መስታወቶች መካከል ቀጭን ክፍተት ይቀራል። ነፍሳት ከውጭ በዚያ ገብተው በመስታወቶቹ መሃል ሄደው ከወንፊቱ ጀርባ ይወጣሉ። ወንፊቱ ሙሉውን መስኮት መሸፈን አለበት። ግማሹን ብቻ መሸፈን የግድ ከሆነ በመስታወቶቹ መካከል ከላይ እስከ ታች ቀጭን ስፖንጅ ጠቅጥቁበት።

ፍሬሙ

በእኔ መኪና ሙሉው የጎን መስኮት 104 በ42 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ዙሪያው 292። ለአንዱ የፈለገኝ ይህ ነው፦ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የማይዝግ የአጥር ሽቦ 3 ሜትር ተኩል፣ 114 በ52 የሆነ ጨርቅ፣ ሁለት አሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ፣ የናይለን ክር እና 5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት ቁራጭ ቬልክሮ። ግንበኞች ብረት የሚያስሩበት ጥቁር ሽቦ ስስ ስለሆነ አይጠቅምም። የብስክሌት ጠጋኞች መጠገን ያቃታቸውን ከመነዳሪ ይጥሉታል፤ ጠይቋቸው፣ በትንሽ ብር ወይም በነጻ ይሰጧችኋል።

ሽቦው ተጠቅልሎ ስለሚሸጥ ጥምዝምዙን ይዞ ይቀራል። መጀመሪያ ሲሚንቶ ወለል ላይ አስተኝታችሁ በጣውላ እየተጫናችሁ አንከባልሉት። ይህን ያልሠራ ሰው ፍሬሙን ሲጨርስ ሦስት ጥግ ወለል ነክቶ አራተኛው ተንጠልጥሎ ያገኘዋል፤ መስኮቱ ላይም አራተኛው ጥግ ምን ጊዜም ይሸሻል። ጥጉን በፒንሳ አትሰብሩት፤ ከካርቶኑ ክብነት ጋር የሚመሳሰል ጠርሙስ ወይም ቧንቧ ላይ ጠምዝዙት።

የፍሬሙ ውጫዊ ጠርዝ ከካርቶኑ መስመር 4 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ ቦታው ለጎማው ነው። የሽቦው ሁለት ጫፎች 5 ሴንቲ ሜትር ይደራረቡና በቀጭን ሽቦ ጥብቅ ተደርገው ይታሰራሉ፣ በላዩ ፕላስተር ይጠቀለላል። መጋጠሚያው ጥግ ላይ ሳይሆን በታችኛው ረጅም ጎን መሃል ይሁን። አንድ ሜትር የሚያህለው ጎን ጨርቁ ሲወጠር ወደ ውስጥ ይሳባልና መሃሉ ላይ ከላይ ወደ ታች አንድ ድጋፍ ሽቦ እሰሩለት። ድጋፍ ሳላስር የሠራሁት ፍሬም ወገቡ ገብቶ ከላይና ከታች ክፍተት አወጣ።

ጨርቁን ከፍሬሙ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር አትርፋችሁ ሽቦው ላይ እጠፉና ከሽቦው አጠገብ ይሰፋ። ልብስ ሰፊ ዘንድ ከወሰዳችሁ «በዚፕ እግር ስፋልኝ» ማለት ይበቃል፣ ዚፕ የሚሰፋበት ጠባቡ የስፌት መኪና እግር ማለት ነው፤ ተራው እግር ሽቦው ላይ እየወጣ መርፌ ይሰብራል። የጥጥ ክር ፀሐይና እርጥበት ያበላሸዋል፣ ናይለን ይሁን። ጨርቁ ከበሮ እስኪመስል አይወጠር፤ መጨማደዱ ከጠፋ በቂ ነው።

ጎማው

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ከመነዳሪውን በቫልቩ ላይ ቆርጣችሁ አውጡት፣ ከዚያ በርዝመቱ ሰንጥቁት። የ26 ኢንች ብስክሌት ከመነዳሪ 2 ሜትር ያህል ይወጣዋል። 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ረጅም ቁራጭ አውጡና በፍሬሙ ዙሪያ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ግጠሙት፦ ግማሹ በፊት፣ ግማሹ በኋላ፣ ሽቦው መሃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጎማውን ከሽቦው ጋር አጥብቆ ይለጥፈዋል። እንዲያ አታድርጉ። በውጭ በኩል 6 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ሆድ ይኑረው፣ እንደ መኪና በር ጎማ። ፍሬሙ 4 ሚሊ ሜትር ስለጠበበ ሆዱ ሲገባ 2 ሚሊ ሜትር ይጨመቃል፤ የመስኮቱን ጉብጥብጥ የሚሞላው ይህ መጨመቅ ነው።

ማስቲሽ የማይይዝበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ የከመነዳሪው ውስጥ በዱቄት የተቀባ ነው። በሳሙና እጠቡት፣ አድርቁት፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪሻክር ፈትጉት፣ በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ጥረጉት። ቤንዚኑን ከእሳት ርቃችሁ፣ ሜዳ ላይ ተጠቀሙ። ማስቲሹን በሁለቱም ፊት ቀብታችሁ በጣት ሲነካ እስከማይጣበቅ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ከዚያ አንዴ ተጫኑት። እርጥቡን የሚያጣብቅ ሰው በማግሥቱ ተላጦ ያገኘዋል። ከተጣበቀ በኋላ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስዳችሁ ከሽቦው በስተውስጥ አንድ መስመር አሰፉት። የቆላ ሙቀት ማስቲሽን ያለሰልሳል፣ ስፌቱን ግን አይነካም።

ቬልክሮው አሁን ወንፊቱ እንዳይወድቅ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ለስላሳው ወገን መኪናው ላይ፣ ሻካራው ወንፊቱ ላይ ይሁን፤ አለበለዚያ ወንፊቱ በሌለበት ቀን የተሳፋሪ ነጠላና ሹራብ እየያዘ ያስቸግራል።

የፊት በርና የኋላ በር

ለፊት በር ፍሬም አያስፈልግም። በሩ የራሱ የመስታወት ክፈፍ ስላለው ከላይ እንደ ካልሲ የሚለበስ ከረጢት ይበቃዋል። ሁለት ቁራጭ ጨርቅ በሦስት ጎን ይሰፋል፣ አፉ ላይ የሱሪ ላስቲክ ይገባበታል። ርዝመቱ ከመስታወቱ የታችኛው ጠርዝ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር አልፎ ይውረድ። ወደ ኋላ ለሚያሳየው የጎን መስታወት (ስፖኪዮ) ቦታ በውጭው ጨርቅ ላይ ሰንጥቃችሁ ዙሪያውን ላስቲክ ስፉበት። በሩ ሲዘጋ ጨርቁ በጎማው ተይዞ ይቀራል። ዝናብ ሲመጣ ግን አውልቁት፤ ጨርቁ ውኃውን እንደ ክር ስቦ ወደ ውስጥ ያንጠባጥበዋል። በጨርቅ በተሸፈነ ክፍት መስኮት እጅ ማስገባት ቀላል ስለሆነም የፊቱን መስታወት ከአራት ጣት በላይ አትክፈቱ፤ ጥበቃ ያለው ግቢ ውስጥ እደሩ።

ለኋላው በር አሮጌ ፍሪጅ ፈልጉ። የፍሪጅ በር ጎማ ውስጥ በሙሉ ርዝመቱ የሚሄድ ለስላሳ ማግኔት አለ። ፍሪጅ ጠጋኞች ያወጡትን ጎማ ሰንጥቃችሁ ማግኔቱን ሳብ አድርጋችሁ አውጡት። ነጠላ ማግኔቶች በየመሃላቸው ክፍተት ይተዋሉ፤ ይህ ግን ተከታታይ ስለሆነ አይተውም። አንዱ ፊቱ ከሌላው ይበልጥ ሊስብ ስለሚችል መጀመሪያ ብረት ላይ ሞክሩት። ያረጀ ማግኔት በመርፌ ሲወጋ ስለሚሰነጠቅ ለእርሱ እጥፋት ሰፍታችሁ ውስጡ አስገቡት። የሚይዘው ከቀለም በቀር ሌላ ሽፋን የሌለው ብረት ላይ ብቻ ነው፤ ፕላስቲክ ላይ አይሠራም፣ አቧራ ካለም ይንሸራተታልና ጥረጉ። ጨርቁ ሁለት ክፍል ሆኖ መሃል ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ይደራረብ፤ ታችኛው እጥፋት ውስጥ አሸዋ የሞላበት ቀጭን ከረጢት ቢገባ ነፋስ አያነሳውም።

መፈተሽ

ሲመሽ ወንፊቶቹን ሁሉ ገጥማችሁ ውስጥ መብራት አብሩና በውጭ ዙሩ። በጠርዙ ጥርት ያለ የብርሃን መስመር ካያችሁ ቢምቢም በዚያው ትገባለች። ጥርጣሬ ያለበት ቦታ ላይ ጣት የሚያህል ወረቀት በጎማውና በመስኮቱ መካከል አስገቡና ሳቡት፤ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ እዚያ ላይ ፍሬሙን በእጅ ትንሽ ወደ ውጭ ገፋ አድርጉት። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግሩት ሁለቱ የላይኛው ጥጎች ናቸው።

ጣና ዳር የሐይቅ ትንኞች በመብራት በመንጋ ስለሚሰበሰቡ በር ከመክፈታችሁ በፊት የውስጡን መብራት አጥፉ። አየር እንዲዘዋወር ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶች ይከፈቱ፤ አንድ ብቻ ከሆነ ወንፊቱ ላይ አየሩ ይቆማል። ደባርቅ ላይ ቢምቢ ባይኖርም ወንፊቱን አትተዉት፤ መስታወቱ ሁለት ጣት ክፍት ቢያድር ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውኃ ሆኖ አይንጠባጠብም። ነገር ግን ወንፊት አለ ብላችሁ መኪና ውስጥ ከሰል እንዳታቀጣጥሉ። የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል፤ የተከፈተ መስኮት አያድንም።

መኪናው ከመነሳቱ በፊት ሁሉም ወንፊት ይውለቅ። ከአቧራ መንገድ ስትመለሱ በቀዝቃዛ ውኃና በጥቂት ሳሙና አጥባችሁ በጥላ አድርቋቸው፤ አቧራው ቀዳዳውን ከደፈነው አየር አይገባም። ስታስቀምጡ ፍሬሞቹን ከግድግዳ አታስደግፉ፣ ይጎብጣሉ፤ ከፍራሹ ሥር ጠፍጣፋ አስተኟቸው።