የ3 ነገር

ዛሬ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ጃቫ የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ስናጠና አመሸን።

ወንድሜ ክላሱን (የአንድ ዓይነት ነገር ንድፍ ማለት ነው) ያሰበው ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ነው። ስሙ "ዓሣ"። ኮንስትራክተሩ (በንድፉ መሠረት አዲስ ዓሣ የሚፈጥረው ክፍል) ሁለት ነገር ይቀበላል፤ ዓይነቱን በስትሪንግ (በጽሑፍ)፣ ኪሎውን በኢንት (በሙሉ ቁጥር)። ሐሳቡ ፕሮግራሙን ሲያስነሳ ኮማንድ ላይኑ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስመር) ላይ "ቆሮሶ 3" ብሎ ጽፎ ሁለቱን እንዳሉ ለኮንስትራክተሩ ማቀበል ነበር። ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር እምቢ አለ። ስትሪንግ ወደ ኢንት አይቀየርም ነው የሚለው።

"ኧረ የምጽፈው እኮ 3 ነው! ቁጥር አይደል እንዴ?" አለኝ።

እዚህ ጋ ብዙ ቆየን። ከኮማንድ ላይን የሚመጣ ነገር ሁሉ ስትሪንግ ነው። ለእኛ 3 ቁጥር ነው፤ ለጃቫ ግን ልክ እንደ "ቆሮሶ" ጽሑፍ ነው። ወረቀት ላይ ሣልኩለት፦ አርግስ (የተጻፉት ቃላት ከዜሮ እየተቆጠሩ የሚቀመጡበት ዝርዝር) ዜሮ ላይ ቆሮሶ፣ አርግስ አንድ ላይ 3። (ሲ የሚባለውን ቋንቋ የተማራችሁ ልብ በሉ፤ እዚያ ዜሮ ላይ የሚቀመጠው የፕሮግራሙ ስም ነው። ጃቫ ላይ ግን በቀጥታ የመጀመሪያው ቃል ነው።) ስለዚህ 3ን መጀመሪያ ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቁጥር በሚቀይረው በኢንቲጀር ፓርስኢንት ማሳለፍ አለበት።

ሠራ! ወዲያው ራሱ 1.5 ብሎ ሞከረና ነምበር ፎርማት ኤክሴፕሽን የሚባል ስህተት መጣበት፤ 1.5 ሙሉ ቁጥር አይደለማ። ዝም አልኩት። ትንሽ አሰበና "ኪሎ እኮ ግማሽም አለው" ብሎ ኢንቱን ወደ ደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር)፣ ፓርስኢንቱን ወደ ፓርስደብል ቀየረው። ማንም ሳይነግረው! እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ፕሮግራሙን ኮማንድ ላይኑ ላይ ዓይነትና ኪሎ ሳይጽፉ ማስነሳትን ለነገ አሳደርነው። የአርግስን ሌንግዝ (ስንት ቃል እንደያዘ) ቀድሞ ማየት ይኖርበታል።