የደመራ ምሽት ከናሽናልስ ደጋፊዎች ጋር

የሌሊቱ አውቶቡስ ሻርሎት ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ቆመ። ምክንያቱን የነገረን ሰው የለም። ማቀዝቀዣውን የሚያጠፋም አልተገኘም፤ ከፊቴ የነበረች እናት ጃኬቷን ለልጇ አልብሳ እሷ ስትንቀጠቀጥ አደረች። መቀመጫዬ መጸዳጃው ጥግ ስለነበር በሩ በተከፈተ ቁጥር እነቃለሁ። ከአትላንታ ዋሽንግተን ዲሲ በራስ መኪና አሥር ሰዓት ገደማ ነው፤ እኛን አሥራ አምስት ፈጀብን። ዩኒየን ስቴሽን ስደርስ ድካሙ ስላሸነፈኝ በስልክ መኪና ጠራሁ፤ እስከ ዩ ስትሪት 31 ዶላር አስከፈለኝ። በሜትሮ ቢሆን ከሦስት ዶላር አይበልጥም ነበር።

ለዚህ ሁሉ ያበቃኝ ቤዝቦል ነው። የእኔ ቡድን አትላንታ ብሬቭስ ነው፤ ዋሽንግተን ናሽናልስ ከእኛ ጋር በአንድ ምድብ ስላለ በዓመት 13 ጊዜ እንገናኛለን። ናሽናልስ በፈረንጆቹ 2019ን ሲጀምር ከ50 ጨዋታ 31ዱን ተሸንፎ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ሂውስተን አስትሮስን በሰባተኛው ጨዋታ ረትቶ የፍጻሜውን ዋንጫ፣ ወርልድ ሲሪስን፣ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ድሉ ከሽንፈቱ የበለጠበት አንድም ዓመት የለም። በ2022 107 ጊዜ ተሸነፈ። 2025 ደግሞ በ66 ድልና በ96 ሽንፈት ተዘጋ። ደጋፊው ጥፋቱን ማን ላይ እንደሚጥል እዚያው መቀመጫው ላይ ሆኜ ለመስማት ብዬ፣ በወቅቱ መዝጊያ ቺካጎ ዋይት ሶክስ የመጣበትን ዓርብ መረጥኩ። ዕለቱ በእኛ መስከረም 16፣ ደመራ ነበር።

መንገዱ ቀላል ነው። ከዩ ስትሪት ጣቢያ አረንጓዴውን መስመር ወደ ብራንች አቬኑ አቅጣጫ መያዝ ነው፤ ባቡር መቀየር የለም፤ ሰባተኛው ፌርማታ ኔቪ ያርድ ነው። የሜትሮ ካርድ መግዛትም ግድ አይደለም፤ የባንክ ካርድን መግቢያው ላይ ማስነካት ይበቃል። በሃፍ ስትሪት በኩል ለወጣ ሰው ስታዲየሙ ፊት ለፊቱ ነው። ምግብና ያልተከፈተ የታሸገ ውሃ ይዞ መግባት ስለሚፈቀድ ኦቾሎኒውንም ውሃውንም መንገድ ላይ ከሚሸጡት መግዛት ይሻላል። አትላንታ ላይ ስታዲየሙ ኮብ ካውንቲ ነው፤ የሚያደርስ ባቡር ስለሌለ ከጨዋታ በኋላ መኪና ውስጥ አንድ ሰዓት መቀመጥ የተለመደ ነው። በዚህ በኩል ዲሲዎችን ቀናሁባቸው።

ከስታዲየሙ ጥቂት ብሎክ ወረድ ብሎ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ አማርኛ ሰማሁ። ሠራተኛው ስድሳውን ያለፈ ሰው ነው፤ ከዳስዋ ውስጥ በፎይል የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ አውጥቶ ቆረሰልኝ። «በደመራ ቀን ማንም በባዶ ሆዱ አያልፈኝም» አለ። ቤዝቦል ለማየት ከአትላንታ መምጣቴን ስነግረው ሳቀ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይከታተላሉ?»

«እኔ የምከታተለው በመኪና ነው ልጄ። በ2019 ጥቅምት ይህ ቦታ ገና ከቀኑ 9 ሰዓት ሞልቶ ሰው እንመልስ ነበር። አሁን እየው።» ጨዋታው ሊጀመር አርባ ደቂቃ ቀርቶት ከግማሹ በላይ ባዶ ነበር።

ኮከባቸውን ሁዋን ሶቶን መሸጣቸው ነው ወይ ጥፋቱ ብዬ ጠየቅሁት። ራሱን ነቀነቀ። «በሬ ተሽጦ ጥጃ ይገዛል፤ ገበሬ ያደርገዋል። ጥጃውን ገዝቶ ሳር መከልከል ነው ጥፋቱ።»

ምሽቱን ሁሉ ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አልሰማሁም።

መቀመጫዬ በአንደኛው ቤዝ በኩል ላይኛው ፎቅ ነበር፤ 17 ዶላር። አጠገቤ ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ነበሩ፤ ቡድኑ በ2005 ከሞንትሪያል መጥቶ በአርኤፍኬ ስታዲየም ሲጫወት ጀምሮ የሚመጡ። ሰውየው ውጤቱን በእርሳስ በስኮርካርድ ይይዛሉ። እንደ ደንቡ እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር አለው፤ ፒቸር (ወርዋሪው) 1፣ ካቸር (ተቀባዩ) 2፣ የአንደኛው ቤዝ ተጫዋች 3፣ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሀል የሚቆመው) 6 ነው፤ ኳሷ በሾርትስቶፕ ተይዛ ወደ አንደኛው ቤዝ ከተወረወረች 6-3 ይጻፋል። እስከዚህ እኔም አውቃለሁ። ዓይኔን የያዘው ግን ጠርዙ ላይ በደቃቁ የተጻፈው ነው፦ ጎር 2027፣ አብራምስ 2028፣ ዉድ 2030።

እነዚህ ተጫዋቾቹ ነጻ ሆነው ወደፈለጉት ቡድን መሄድ የሚችሉባቸው ዓመታት ናቸው። በሜጀር ሊግ የአገልግሎት ዘመን በቀን ይቆጠራል፤ 172 ቀን አንድ ዓመት ነው። መጀመሪያ ላይ ክፍያው ከዝቅተኛው ደመወዝ ብዙ አይርቅም፤ ሦስት ዓመት ሲሞላው ተጫዋቹ በግልግል ዳኝነት ጭማሪ ይጠይቃል፤ ስድስት ሲሞላው ነጻ ነው። ደካማ ቡድን የሚያተርፈው በእነዚያ ስድስት ዓመታት ውስጥ ብቻ ነው። የሰውየው ጠርዝ እንደ ሰዓት የሚቆጥር ነገር ነው፤ ማኬንዚ ጎር ከ2025 በኋላ የሚቀረው ሁለት ዓመት ነበር።

ክርክሩን የጀመሩት ሚስትየዋ ናቸው። ሶቶ በ2022 የ15 ዓመት የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል ቀርቦለት እምቢ አለ፤ ነሐሴ ላይ ከጆሽ ቤል ጋር ወደ ሳንዲያጎ ተሰጠ። እሳቸው «መጨመር ነበረባቸው» ይላሉ። ባልየው አይስማሙም። በምትኩ የመጡት ሲጄ አብራምስ፣ ማኬንዚ ጎር፣ ጄምስ ዉድ፣ ሮበርት ሃሰል፣ ሃርሊን ሱሳናና ሉክ ቮይት ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በ2025 የቡድኑ ምሰሶ ነበሩ። ዉድ ቁመቱ ሁለት ሜትር ነው፤ ሰኔ 2025 ላይ ኤንጀልስ እንዳይመታባቸው በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብለው ወደ አንደኛው ቤዝ በነጻ አሳለፉት፤ ከ2004ቱ ባሪ ቦንድስ ወዲህ ይህ የደረሰበት ሰው የለም። ሶቶ ኋላ ከሜትስ 765 ሚሊዮን ዶላር አግኝቷል፤ ዲሲ ይህን ይከፍል ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። እኔ ከባልየው ጋር ነኝ።

ከኋላችን 37 ቁጥር ማሊያ የለበሰ ወጣት፣ የስቲቨን ስትራስበርግ ማሊያ ነው፣ ጣልቃ ገባ። ተጋጣሚው ዋይት ሶክስ ስለነበር ያነሳው የ2016ቱን ልውውጥ ነው፦ ሉካስ ጂዮሊቶ፣ ሬይናልዶ ሎፔዝና ዴን ደኒንግ ሄደው አዳም ኢተን የመጣበት። ጂዮሊቶ በ2019 ኦል ስታር ሆነ፣ ማለትም ለምርጦች ጨዋታ ተመረጠ፤ በ2020 ፒትስበርግ ላይ አንድም ሂት (የተሳካ ምት) ሳይሰጥ ሙሉ ጨዋታ ጨረሰ። ወጣቱ «ሦስት ፒቸር ለአንድ ሰው» እያለ ተቆጣ። ሴትየዋ ግን ኢተን በ2019 ወርልድ ሲሪስ ሁለት ሆም ራን (ከሜዳው አጥር ያለፈ ምት) መምታቱን አስታወሱትና ዝም አለ። ዋንጫ የተገኘበትን ልውውጥ ማውገዝ ይከብዳል። ይከብዳል ግን ሒሳቡ አይቀርም፤ የሄዱትን ፒቸሮች የሚተካ ሰው ከታች ማብቀል ያስፈልግ ነበር።

በእኔ ግምት ሥሩ እዚህ ነው። በድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ጄኔራል ማናጀሩ (የተጫዋች ጉዳይ ኃላፊው) ማይክ ሪዞ ከ2016 እስከ 2019 ያደረጋቸውን የመጀመሪያ ምርጫዎች በተራ እንመልከት። በ2016 ካርተር ኪቡም፣ በ2017 ሴት ሮሜሮ፣ በ2018 ሜሰን ዴናበርግ፣ በ2019 ጃክሰን ረትሌጅ። ከእነዚህ መካከል የዘለቀ መደበኛ ተሰላፊ የሆነ የለም፤ ዴናበርግ ሜጀር ሊግ እንኳ አልደረሰም። የድራፍት ምርጫ ሲከሽፍ የሚታየው ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። የ2022ቱ 107 ሽንፈት የተዘራው በ2016 እና በ2018 መካከል ነው። ሶቶን ባይሸጡም ከጎኑ የሚቆም አልነበረም።

ሳሩስ? ገንዘቡን ባልየው በጣታቸው ቆጠሩልኝ። ስትራስበርግ ከዋንጫው በኋላ ለሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ ከዚያ በኋላ የጀመረው ጨዋታ ስምንት ብቻ ነው፤ ትከሻና አንገቱ መሀል ያለው የነርቭ ችግር ጨረሰው። ማክስ ሸርዘር በ2021 ወደ ዶጀርስ ቢሄድም ክፍያው ለኋላ የተላለፈ ስለነበር ናሽናልስ እስከ 2028 በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ዶላር ይከፍሉታል። ይህ እውነት ነው፤ ሆኖም ለሰበብ አይበቃም። በየዓመቱ መጨረሻ የሚገዙት በአንድ ዓመት ውል የሚመጣ ርካሽ ተጫዋች ነው፤ ጥሩ ከሆነ ሐምሌ ላይ ይለወጣል፣ መጥፎ ከሆነ ይሰናበታል። የእኛው የቀድሞ ልጅ ማይክል ሶሮካ በ9 ሚሊዮን መጥቶ ሐምሌ ላይ ወደ ካብስ ሄደ።

በጣም ያናደደኝ የናትናኤል ሎው ጉዳይ ነው። ታኅሣሥ 2024 ላይ ሮበርት ጋርሺያን፣ ጠንካራ የቡልፔን ፒቸር (ጨዋታው መሀል ተተክቶ የሚወረውር)፣ ለቴክሳስ ሰጥተው ሎውን ለአንደኛው ቤዝ አመጡ። ነሐሴ ላይ ሎውን ከቡድኑ የ40 ተጫዋቾች ዝርዝር አወጡት። እንዲህ የወጣን ሰው በሰባት ቀን ውስጥ ወይ መለወጥ፣ ወይ ለሌሎች ቡድኖች ማቅረብ፣ ወይ ማሰናበት ነው፤ እነሱ አሰናበቱት። ስለዚህ ቤዙም ባዶ ሆነ፣ ቡልፔኑም ሳሳ። በ2024 ኦል ስታር የነበረው ካይል ፊኔገንም እንዲሁ፤ በግልግል ሊያገኝ የሚችለውን ጭማሪ ሸሽተው ለቀቁት፤ ከሦስት ወር በኋላ በ6 ሚሊዮን መልሰው አስፈረሙት፤ ሐምሌ ላይ ለዲትሮይት ሰጡት። በየሰባተኛው ኢኒንግ (ዙር) የሚሰማው ጩኸት ግን የሚያርፈው ወደ ሜዳ በተላከው የሃያ አራት ዓመት ልጅ ላይ ነው። ይህ ልክ አይደለም፤ ልጁን እዚያ ያቆመው ራሱ አይደለም።

አራተኛው ኢኒንግ ላይ ፕሬዚዳንቶቹ ሮጡ፤ ትልልቅ ጭንቅላት ያጠለቁት ዋሽንግተን፣ ጀፈርሰን፣ ሊንከንና ቴዲ ሩዝቬልት። ቴዲ ከ2006 እስከ 2012 አንድም ጊዜ አሸንፎ እንደማያውቅ ሴትየዋ በፍቅር ነገሩኝ።

በፈረንጆቹ ሐምሌ 6 ቀን 2025 ሪዞና አሠልጣኙ ዴቪ ማርቲኔዝ ተባረሩ። ድራፍቱ ሐምሌ 13 ነበር፤ የመጀመሪያው ምርጫ ደግሞ የናሽናልስ። ወጣቱ «በሰባት ቀን ማን ይዘጋጃል?» ይላል። የ2026 ውላቸውን የመቀጠል ወይም የመተው ውሳኔ በዚያው ወር የሚያልቅ መሆኑን ባልየው አስረዱት። ጊዜያዊው ኃላፊ ማይክ ደባርቶሎ የ17 ዓመቱን ሾርትስቶፕ ኢላይ ዊሊትስን መረጠና በ8.2 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ለአንደኛው ምርጫ የተመደበው ከ11 ሚሊዮን በላይ ነበር። ልዩነቱ አይባክንም፤ ቡድኑ ለድራፍቱ በጠቅላላ የተመደበለት ገንዘብ ስላለ፣ ከላይ የተረፈው ኮሌጅ ሊገቡ ላሰቡ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ታች ላይ ይጨመርላቸዋል። ጣሪያውን ያለፈ ቡድን በትርፉ ላይ 75 በመቶ ቅጣት ይከፍላል፤ ከአምስት በመቶ በላይ ካለፈ የቀጣዩን ዓመት የመጀመሪያ ምርጫ ያጣል። ይህ ለእኔ የዓመቱ አስተዋይ ውሳኔ ነው። ወጣቱ ግን ቶሎ የሚደርስ የኮሌጅ ፒቸር ነበር የሚፈልገው፤ የጎርን 2027 ስመለከት ፍርሃቱ ይገባኛል።

አትላንታ ሲሆን ቢሮው እንዲህ አይጠብቅም። ኦዚ አልቢስን በ35 ሚሊዮን፣ ሮናልድ አኩኛን በ100 ሚሊዮን፣ ማይክል ሃሪስን በ72 ሚሊዮን ገና በልጅነታቸው ነው ያሰሩት። ብሬቭስም በ2025 86 ጊዜ ተሸንፏል፤ ጉዳት ሲመጣ ውል አያድንም። ቢሆንም ጠርዝ ላይ ዓመት እየጻፉ ከመጨነቅ ይህ ይሻላል። እኔ ብሆን ለዉድ ዛሬውኑ ነበር የማቀርብለት።

ኋላ ናሽናልስ ዋና ኃላፊ አድርጎ የቀጠረው ፖል ቶቦኒ የመጣው ከቦስተን ሬድ ሶክስ ነው፤ እዚያ የአማተር ምልመላውን የመራ ሰው ነው። አዲሱ አሠልጣኝ ብሌክ ቡቴራ ሲሾም 33 ዓመቱ ነበር። ምርጫው የበሽታውን ቦታ ያገኘ ይመስለኛል። መድኃኒቱን የሚገዛው ግን የለርነር ቤተሰብ ነው፤ በ2022 ቡድኑን ለመሸጥ አስቦ በ2024 የተወው። ታዳጊ ማሳደጊያው በአዲስ ሰው ሲሞላ ባለቤቶቹ ከታች ባሉት ሜዳዎች፣ አሠልጣኞችና መሣሪያዎች ላይ ካላወጡ፣ ቶቦኒም እንደ ሪዞ ባዶ ጓዳ ነው የሚያስተዳድረው።

ስንነሳ ባልየው ጠርዙን በጥንቃቄ ቀደው ሰጡኝ። ከዉድ ስር «ዊሊትስ» ብለው ጽፈው ዓመቱን ባዶ ትተውታል፤ የእሱ 172 ቀን ገና መቆጠር አልጀመረም። ወደ ሜትሮው ስሄድ የማቆሚያው ሰው በሩን እየዘጋ ነበር። ወረቀቱን አሳየሁት። መነጽሩን አውጥቶ መብራቱ ስር አነበበው፤ ጎር ላይ ጣቱን አሳርፎ ቆየ።

«ይሄኛው ሊሄድ ነው» አለ፤ ከዚያ የቀረውን ድፎ በፎይሉ ጠቅልሎ ለመንገዴ ሰጠኝ።