የጨረቃዋ ሌሊት ሂና

ውድ ጓደኞቼና ተከታታዮቼ፣ ዒድ ሙባረክ! ጾማችሁንም ዱዓችሁንም አላህ ይቀበላችሁ።

የእህቴን ልጅ ሂና ቀብቼ መጨረሴ ነው። ስምንት ዓመቷ ነው። እሷ መዳፏን ዘርግታ እስኪደርቅ ስትጠብቅ እኔ ለእናንተ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሻርጃ ስኖር በዚህች ሌሊት እኔን የምትቀባኝ አንዲት የፓኪስታን ሴት፣ የካራቺ ልጅ ነበረች፤ ጎረቤቴ። እነሱ የዒድን ዋዜማ "ቻንድ ራት" ይሏታል፣ የጨረቃ ሌሊት። ሴቶች አምባር ይገዛሉ፣ ሂና ይቀባሉ። ጎረቤቴ እየቀባችኝ ግጥም በቃሏ ትልልኝ ነበር። መጀመሪያ በኡርዱ፣ ከዚያ በተሰባበረ ዓረብኛ።

ከሁሉም የምትወደው የአገሯን ገጣሚ የፐርቪን ሻኪርን ነው። በአማርኛ "እሄዳለሁ" ስል ወንድ ልሁን ሴት ከቃሉ አይለይም። ኡርዱ ግን ያሳብቃል፤ ወንድ "ጃታ ሁን" ይላል፣ ሴት "ጃቲ ሁን" ትላለች። ጋዛል በሚባለው የፍቅር ግጥም ደግሞ ወደድኩ፣ ናፈቅኩ፣ ተቃጠልኩ የሚለው ድምፅ ለዘመናት የወንድ ነበር። ሻኪር እ.ኤ.አ. በ1976 "ኹሽቡ" የተባለውን የመጀመሪያ መድብሏን ስታሳትም የሚናፍቀው "እኔ" ሴት ሆነ። አንዲት የፊደል ድምፅ ናት ልዩነቷ። ግን ስንት ልጃገረድ ስሜቷን በራሷ አንደበት ያየችው ያኔ ነው! ሻኪር እ.ኤ.አ. በ1994 በመኪና አደጋ ስትሞት ገና 42 ዓመቷ ነበር።

ከዚያ ፓኪስታንን የገዛው የጦር መሪ፣ የጄኔራል ዚያ ዘመን አለ። የሴት ምስክርነት የወንድ ግማሽ ይሁን የሚል የሕግ ረቂቅ መጣ። እ.ኤ.አ. የካቲት 1983 ላሆር ላይ ሴቶች ይህን ተቃውመው አደባባይ ሲወጡ ፖሊስ በዱላ ደበደባቸው። ገጣሚዋ ኪሽዋር ናሂድ "እኛ ኃጢአተኛ ሴቶች" ብላ የጻፈችው በዚያ ዘመን ነው፤ ስድቡን ወስዳ ስም አደረገችው። ሌላዋ ገጣሚ ፋህሚዳ ሪያዝ በበኩሏ ክስ ሲበዛባት አገሯን ጥላ ሕንድ ተሰደደች።

እኔን ግን እስከዛሬ የማይለቀኝ የዘህራ ኒጋህ ግጥም ነው። ዘህራ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወንዶች በሞሉት የሙሻይራ፣ የግጥም ንባብ መድረክ ላይ ቆማ ግጥሟን ያሰማች ሴት ናት። በዚህ ግጥም የምትናገረው ሴት በመሆኗ ሳትወለድ በፅንስ የተገደለች ልጅ ናት። "እኔ ተረፍኩ እማዬ" ትላለች። ተረፍኩ! ዓይኔ በርቶ ቢሆን አሲድ ኩል ሆኖ ይገባበት ነበር ትላለች። አድጌ ቢሆን በሌላ ሙሽራ ተለውጬ ለጋብቻ እሰጥ ነበር፣ ወይም ለክብር ተብሎ እገደል ነበር። ያንቺ ደም ግን ሂና ሆኖልኝ በጣቶቼ ጫፍ ሁሉ ደመቀ ትላታለች እናቷን።

ይህን ስሰማ መዳፌ ላይ ያለው ሂና ገና እርጥብ ነበር። እጄን ልሰበስብ ስል ጎረቤቴ አጥብቃ ያዘችኝ። "ይበላሻል፣ ተይ" አለችኝ። ሁለታችንም እያለቀስን አበባውን ጨረሰችው።

አሁን ደግሞ ይቺ ልጅ በሩ ላይ ቆማለች። ደረቀ ወይ ስትለኝ ሦስተኛዋ ነው። ገና ነው የኔ ቆንጆ፣ ትንሽ ታገሺ አልኳት። ነገ ለሶላት ስትወጣ ሁለቱንም መዳፎቿን ለሰው ሁሉ እያሳየች ነው የምትሄደው።

መልካም ዒድ ይሁንላችሁ።