ያላለቀ የቢላ ስለት ገዝቶ ለሠርግ ስጦታ መጨረስ፦ የት ይቆጠባል፣ የት አይቆጠብም

ለሠርግ ስጦታ ያላለቁ የቢላ ስለቶችን ስፈልግ ዋጋቸውን የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ቤት ውስጥ ልሠራው የማልችለውን ሥራ ሻጩ ጨርሶታል ወይ? ብረቱን ማጠንከርና ሁለቱን ጎን አመጣጥኖ ማሳሳት ምድጃና የቀበቶ ግራይንደር ይፈልጋል። እጀታ መግጠም፣ መወልወልና መሳል ግን ከገንዘብ ይልቅ ጊዜ ነው የሚበላው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ከፈልኩ፣ በሁለተኛው ቆጠብኩ።

የብረቱ ስም ያልተጻፈበትን ስለት ከመነሻው ትቼዋለሁ። «ስቴንለስ» ወይም ባዶውን «440» የሚል ጽሑፍ ምንም አይነግርም። 440ኤ ከ0.60 እስከ 0.75 በመቶ ካርቦን ሲኖረው 440ሲ ከ0.95 እስከ 1.20 በመቶ አለው፤ ቶሎ የሚዶለዱመውና ስለቱን የሚይዘው እዚህ ላይ ይለያያሉ። ለወጥ ቤት ቢላ በሮክዌል (የብረት ጥንካሬ መለኪያ) ከ58 እስከ 61 ይበቃል። እንደ 1084 እና 1095 ያሉት የካርቦን ብረቶች ርካሽና ለመሳል ቀላል ናቸው፤ ግን እርጥብ ሆነው ካደሩ ይዝጋሉ። ቢላ መንከባከብ ለማይወዱ ሙሽሮች 440ሲ ወይም ኤኢቢ-ኤል የሚባለው ሌላ ስቴንለስ ብረት ይሻላል። ከዝገት ጋር የሚያታግል ስጦታ ለማንም አልሰጥም።

ዋጋው ከሌሎቹ በጣም ከወረደ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ስለቱ ገና አለመጠንከሩ ነው። 1084ን ለማጠንከር ወደ 815 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሞቅ፣ ዘይት ውስጥ መንከር፣ ከዚያ በ200 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ጊዜ ለሁለት ሁለት ሰዓት ማቆየት ያስፈልጋል። የመጨረሻውን የወጥ ቤት ኦቨን ይችለዋል፤ የመጀመሪያውን አይችልም። አንድ ስለት ብቻ ለሚያጠነክር ባለሙያ መላክ ቁጠባውን ይበላዋል፤ ብዙ ስለት አንድ ላይ ሲላክ ግን ያዋጣል። መፈተሻው ሞረድ ነው፤ ከአፉ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ተረከዙ (አፉ በእጀታው በኩል የሚያልቅበት) አጠገብ በቀስታ ሲሳብ ከተንሸራተተ ጠንክሯል፣ ከነከሰ ገና ነው። እጀታ ውስጥ በሚገባው ጭራ ላይ መፈተሽ ያሳስታል፤ ብዙ ሠሪዎች ጭራውን ለስላሳ ይተዉታል። የደማስቆ ብረት (ንብርብር ብረቶች አንድ ላይ ተቀጥቅጠው የሚሠራ ባለ መስመር ብረት) ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውን ደግሞ ከጀርባው አየዋለሁ። በጎን የሚታየው የመስመር ጥለት ጀርባው ላይ ካልቀጠለ ላዩን የታተመ ነው፤ አንድ ዙር በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ይጠፋል።

ቁጠባው ያለው መልኩ በተበላሸ፣ ቅርጹ ግን ባልተበላሸ ስለት ላይ ነው። የቢላ መሥሪያ ዕቃ ሻጮች ጭረት፣ ነጠብጣብ ወይም የተጣመመ ማኅተም ያለበትን ለብቻ በቅናሽ ያወጣሉ። ጭረቱ በ220፣ በ400፣ ከዚያ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይወጣል። እጀታው የተሰበረ አሮጌ ጥሩ ቢላም ያው ያላለቀ ስለት ነው፤ ከሁሉም የሚረክሰውም እሱ ነው። የማልቀበለው የጎበጠ፣ የተጠማዘዘ ወይም አፉ መሃል ላይ የተቦረቦረ ስለት ነው። አፉን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አሳርፎ ከኋላ መብራት ማብራት ነው፤ ቀጥ ባለው ክፍል ሥር ብርሃን ካለፈ ጉድጓድ አለ ማለት ነው። ያንን ለማቃናት አፉን በሙሉ ወደ ላይ መሞረድ ይጠይቃል።

ውፍረቱን በካሊፐር እለካለሁ። ለ20 ሴንቲሜትር ቢላ ጀርባው ከ2 እስከ 2.5 ሚ.ሜ፣ ከአፉ ጥቂት ከፍ ብሎ ደግሞ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚ.ሜ ጥሩ ነው። እዚያ ጋ 1 ሚ.ሜ ከሆነ ካሮትን ከመቁረጥ ይልቅ ይሰነጥቃል፤ የጠነከረ ብረት በእጅ ማሳሳት ደግሞ የሰዓታት ሥራ ነው። የጭራው ቀዳዳዎችም ፒን (እጀታውን ከጭራው ጋር የሚያያይዝ የብረት ዘንግ) ከማዘዝ በፊት ይለካሉ። ሩብ ኢንች ቀዳዳ 6.35 ሚ.ሜ ነው፤ 6 ሚ.ሜ ፒን ይላቀቅበታል። ጭራው ከጠነከረ ተራ ፑንታ አይበሳውም፣ የካርባይድ ፑንታ ይፈልጋል። በመጨረሻ የማጓጓዣው ክፍያ አለ፤ ለአንድ ስለት ሲከፈል ከስለቱ ዋጋ ሊስተካከል ስለሚችል የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ፣ ለመጠባበቂያ አንድ ጨምሮ መግዛት ነው።

እጀታው ላይ ሙሉ ጭራ ያለውን፣ ማለትም ጭራው የእጀታውን ስፋትና ርዝመት የሚያክለውን ስለት እመርጣለሁ፤ በሁለት ጎን እንጨት ይለጠፍበታል እንጂ ረጅም ጉድጓድ መቦርቦር የለም። ለአንድ ቢላ 125 በ40 በ9 ሚ.ሜ የሆኑ ሁለት ሳንቃዎች ይበቃሉ። እርጥበቱ ከ10 በመቶ በላይ የሆነ እንጨት በኋላ ይሰበሰብና የብረቱ ጠርዝ እጅ ላይ ይጎረብጣል። ሮዝውድ ሲያምር ያምራል፤ ግን ሮዝውድ የሚገኝባቸው የዳልበርጂያ ዛፍ ዝርያዎች በሙሉ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ሥር ስለሆኑ ሳንቃውን ከውጭ ማዘዝ ያስቸግራል። ወይራና ዋልነት ይበቃሉ።

ሥራው ሲጀመር ስለቱ በካርቶንና በወረቀት ፕላስተር ይጠቀለላል። የድሪል ፑንታ ብረት ሲነክስ ስለቱን ያሽከረክረዋል፤ በእጅ ይዞ መብሳት አይሞከርም፣ በሞርሳ ይታሰራል። የመጀመሪያው ሳንቃ በጭራው ቀዳዳ በኩል ይበሳል፣ ፒኖቹ ይገቡና ሁለተኛው በመጀመሪያው በኩል ይበሳል። ቀዳዳው ከፒኑ 0.1 ሚ.ሜ ቢሰፋ ለማጣበቂያው ቦታ ይሰጣል። የሳንቃዎቹ የፊት ጫፍ (እጀታው አልቆ ባዶው ስለት የሚጀምርበት) ከመጣበቁ በፊት እስከ 600 ድረስ ታሽቶ ማለቅ አለበት፤ ከተጣበቀ በኋላ ስለቱን ሳይጭሩ እዚያ መድረስ አይቻልም። ብዙዎች የሚረሱት ይህንን ነው።

ጭራው በ80 ቁጥር ይሻከራል፣ ከዚያ ብረቱም እንጨቱም በአሴቶን ይጸዳል። ወይራ ዘይት ስላለው ከተጠረገ በኋላ ሳይዘገይ መጣበቅ አለበት። የምጠቀመው በ24 ሰዓት የሚደርቀውን ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ነው፤ አምስት ደቂቃ የሚለው ሳንቃው ሳይስተካከል ይይዛል። ሞርሳው በኃይል ከጠበቀ ማጣበቂያው በሙሉ ተጨምቆ ይወጣና ባዶ መጋጠሚያ ይቀራል፤ በጠርዙ ዙሪያ ቀጭን መስመር እስኪታይ ብቻ ማጥበቅ ይበቃል። ፊት ለፊት የወጣው ሳይደርቅ አሴቶን በነካው ጨርቅ ይጠረጋል።

ቅርጽ ሲወጣ ጠላቱ ሙቀት ነው። በማሽን ሲታሽ ፒኑ ከእንጨቱ ቀድሞ ይግላል፣ በዙሪያው ያለውን እንጨት ያጠቁራል፣ ኢፖክሲውንም ያለሰልሳል። ፒኑ በጣት የማይነካ ከሆነ ማቆም ነው። አፉም ሲሞረድ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሷል፤ እዚያ ጋ ጥንካሬው ወርዷል፣ የሚመልሰው እንደገና ማጠንከር ብቻ ነው። አቧራው ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ጥሩ ማጣሪያ ያለው ጭንብል ይደረጋል።

ከ220 በኋላ እንጨቱን በውሃ አርጥቦ ማድረቅና ጸጉሩ ሲነሳ በ400 ማሸት፣ በመጀመሪያው እጥበት እንዳይሻክር ያደርገዋል። ከዚያ ስስ የተልባ ወይም የተንግ ዘይት፣ በየመሃሉ አንድ ቀን እየደረቀ፣ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይቀባል። ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ጊዜ ሊነድ ይችላል፤ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ። መሳሉ መጨረሻ ላይ ነው፣ በእያንዳንዱ ጎን 15 ዲግሪ፣ በ1000 ከዚያ በ3000 ድንጋይ። ከመሳሉ በፊት ፕላስተሩን መላጥ ደም ያድናል።

ስለቱ ከሠርጉ ሁለት ወር ቀድሞ ቢታዘዝ ለጠማማ ስለት ምትክም ለዘይቱ መድረቂያም ጊዜ አለ። ቢላው ለረጅም ጊዜ በቆዳ አፎት ውስጥ አይቀመጥ፣ ቆዳው እርጥበት ስቦ ያዝገዋል፤ የእንጨት ወይም የካርቶን ሽፋን ይበልጣል። አብሮት በትንሽ ወረቀት የብረቱ ስም፣ የተሳለበት ዲግሪና በዕቃ ማጠቢያ ማሽን እንዳይገባ ይጻፍለት።