የአጋዘኑ ጃኬት በደብረ ማርቆስ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በአንድ ቅዳሜ ምሽት፣ ደብረ ማርቆስ ባለው ቤታችን ሳሎን ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረን፣ ከጓደኛ በተዋስነው ፕሮጀክተር አንድ የፈረንሳይ ፊልም ለ14 ሰዎች አሳየሁ። ታናሽ ወንድሜና የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹ ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል፤ እናቴና ሁለት ጎረቤቶቿ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከበሩ አጠገብ ደግሞ በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩና ዛሬ አማርኛ የሚያስተምሩ ጎረቤታችን ነበሩ። ፊልሙ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንጂ የአማርኛ ትርጉም ስላልነበረው፣ እኔ ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ቆሜ ንግግሩን ጮክ ብዬ ወደ አማርኛ እመልስ ነበር። ፊልሙን አስቀድሜ ስለማውቀው ዓይኔ ያረፈው በሚያዩት ሰዎች ፊት ላይ ነው፤ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ፊልሙ ካንተን ዱፒዩ ደርሶ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ለእይታ የበቃውና በ77 ደቂቃ የሚያልቀው «ለ ዴን» ነው። ስሙ በፈረንሳይኛ አጋዘኑንም ከቆዳው የሚሠራውን ለስላሳ ልብስም ይጠራል፤ ይህን ስናገር ጋሼ መምህሩ ገና ፊልሙ ሳይጀመር «እንግዲህ ርእሱ ራሱ ሕብረ ቃል ነው» ብለው ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ። ዣን ዱዣርዳን የሚጫወተው ዦርዥ የተባለ ሰው ትዳሩ ፈርሶበት፣ ከ7,000 ዩሮ በላይ ከፍሎ ዘርፍ ያለው የአጋዘን ቆዳ ጃኬት ይገዛል፤ ሻጩም አንዲት ትንሽ የቪዲዮ ካሜራ ይመርቅለታል። ከዚያ በተራራ መካከል ባለች መንደር ገብቶ የፊልም አዘጋጅ ነኝ እያለ ይኖራል፣ ከጃኬቱ ጋር ይነጋገራል፣ በመጨረሻም በዓለም ላይ ጃኬት የሚለብስ ብቸኛ ሰው ለመሆን ይወስናል። ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ፊልሙ አይነግረንም። አብሰርድ የሚባለው ስልት ጠባዩ ይኸው ነው፤ እንግዳውን ነገር እንደ ተራ ነገር ያቀርበዋል፣ ምክንያቱን ግን አያስከትልም።

የመጀመሪያው መከፋፈል የመጣው ገና በመግቢያው ነው። ዦርዥ አሮጌ ጃኬቱን አውልቆ በነዳጅ ማደያ መጸዳጃ ቤት ውስጥ በውኃ ለማስወረድ ሲታገል ልጆቹ ሳቁ፤ እናቴ ግን ፊቷን አጨማደደችና «ኧረ በሥላሴ! የሚበርደው ሰው ጠፍቶ ነው?» አለች። ከእሷ ዘንድ ይህ የፊልሙ ትልቁ ክፋት ሆኖ እስከ መጨረሻው ቆየ። የጃኬቱን ዋጋ ወደ ብር መልሼ ስናገር ግን ቤቱ ሁሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ ከዚያ በኋላ ዦርዥ በመስታወት ፊት ቆሞ ስለ ስታይሉ ራሱን ባደነቀ ቁጥር ዋጋውን የሚያስታውስ አንድ ሰው አይጠፋም ነበር።

ጃኬቱ መናገር ሲጀምር፣ ማለትም ዦርዥ ራሱ በሌላ ድምፅ ስለ ጃኬቱ ሆኖ ሲመልስለት፣ ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከእናቴ በስተግራ የተቀመጡት እትዬ ግን ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው «ይህ ሰው ጸበል ያስፈልገዋል፤ ዘመድ የለውም?» ብለው ጠየቁ። አንዳንድ ልጆች ይህንንም እንደ ቀልድ ወስደው ሳቁ። እሳቸው ግን እየቀለዱ አልነበረም፤ እኔም ጥያቄያቸውን እንደ አላዋቂነት ልቆጥረው አልችልም። ፊልሙ ምክንያቱን ሲነፍገን እሳቸው ከሚያውቁት ዓለም ምክንያቱን ከነመድኃኒቱ አመጡለት፤ ከዚያም አልፎ «ዘመድ የለውም?» የሚለው ጥያቄ በቀጥታ ልቡን የሚነካ ነው። ዦርዥ ሚስቱ የባንክ ሂሳቡን ዘግታበት፣ ለሆቴሉ መያዣ የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ ሲሰጥ ያየ ሰው ይህን ሊክድ አይችልም። በዚያች ቀለበት ጊዜ ሶፋው ላይ የነበሩት ሦስቱም ሴቶች ዝም አሉ፤ ምንጣፉ ላይ ያሉት አንዳቸውም ነገሩን ያስተዋሉት አልመሰለኝም።

ዦርዥ ጃኬት የለበሱ ሰዎችን መግደል ሲጀምር ሳቁ ቦታውን ቀየረ። ሰውየው ከሆቴሉ ጣሪያ የአየር ማራገቢያውን ክንፍ ነቅሎ ከመኪናው መስኮት አውጥቶ በአስፋልቱ ላይ እየጎተተ ሲስለው፣ ብልጭታው ሲፈናጠር፣ ወንድሜ በጣም ስለሳቀ ንግግሩ አልሰማ አለኝ። አንደኛውና ሁለተኛው ሰው ሲሞት ሳቁ አልተቋረጠም፤ ከዚያ ወዲያ ግን እየሳሳ ሄደና አንድ ልጅ ብቻውን ሲስቅ ተሰማ፤ እሱም ዞር ብሎ ጓደኞቹን አየና አቆመ። ይህችን ቅጽበት አሁንም ድረስ አልረሳኋትም። በሞትና በክፋት የሚያስቀው ጥቁር ኮሜዲ ከተመልካቹ የሚፈልገው፣ በእኔ እምነት፣ ሳቁ የት ላይ እንደ ቆመበት ራሱ እንዲያውቀው ነው፤ ይህ ደግሞ ብቻ ሲያዩ ሳይሆን ከሰው ጋር ሲያዩ የሚታወቅ ነገር ነው።

በዚህ መካከል ግን ድንጋዩ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ዦርዥን ዝም ብሎ የሚያየው አንድ ልጅ አለ፤ አይናገርም፣ አይቀርብም፣ ያያል ብቻ። ዦርዥ ድንጋይ አንሥቶ ይወረውርበታል። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፣ «ደኅና እደሩ ልጆቼ» ብለው ወጡ። እናቴ እስከ በር ሸኝታ ተመለሰችና ከዚያ በኋላ ዓይኗን ከአንሶላው እያነሣች ወደ በሩ ታይ ነበር። በርካታ ሰው በተገደለበት ፊልም ውስጥ አንዲት ድንጋይ ሰውን ከቤት አስወጣች። ልጆቹ «ያ ሁሉ ሲሆን ሳይወጡ ለዚህ?» ብለው ተገረሙ፤ ለእኔ ግን በደንብ ይገባኛል። የማራገቢያ ክንፍ ከሩቅ አገር የመጣ ነገር ነው፤ ልጅ ላይ የሚወረወር ድንጋይ ግን የሰፈራችን ነው።

ጋሼ መምህሩ እስከዚህ ድረስ አልሳቁም፣ ትንፍሽም አላሉ። የሳቁት ማንም ባልሳቀበት ቦታ ነው። ደኒዝ የተባለችው የቡና ቤት አስተናጋጅ ዦርዥ የቀረጸውን ምስል ታያለች፣ እሱ ያላሰበውን ትርጉም ታወጣለታለች፤ ጃኬቱ ከውጪው ዓለም የሚሸሸጉበት ቅርፊት መሆኑን ስትነግረው እሱ እንዳወቀ ሰው ራሱን ይነቀንቃል። መምህሩ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ በኋላም ተማሪ ሳሉ አንድ ባልንጀራቸው ዝም ብሎ ቤት ለመምታት ያስገባውን ቃል ሌሎቹ ወርቅ አገኘንበት ብለው እያደነቁ ሲተረጉሙት፣ ባለቅኔውም ዝም ብሎ ሲቀበል እንደ ነበር ነገሩን።

ከዚያ ስለ ደበሎ አነሡ። ደበሎ የቆሎ ተማሪ የሚለብሰው የበግ ለምድ ነው፤ ጎጃም ላደገ ሰው ማስረዳት አያሻውም። «እኔ ያንን ቆዳ ለብሼ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም ስል ውሻው ይጮኽብኛል፣ ሰው ግን ይራራልኛል» አሉ፤ «ሁላችንም አንድ ዓይነት ለብሰን ነው የምንዞረው፣ ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ አይታወቅም። ይህ ሰው ግን ቆዳውን የለበሰው ሌላው እንዳይለብስ ነው።» ይህን ሲሉ ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ስለ ፊልሙ ያነበብኩት ሁሉ ስለ ወንድ ልጅ ብቸኝነትና ስለ ሲኒማ ሥራ የሚያወራ ነበር፤ ቆዳን ከቆዳ ጋር ያነጻጸረ ግን አላጋጠመኝም። ከዚያ ምሽት ወዲህ ያንን ጃኬት ደበሎውን ሳላስብ ላየው አልችልም።

ዦርዥ በስተመጨረሻ ከሩቅ በተተኮሰ ጥይት ሲወድቅ፣ ደኒዝም ጃኬቱን ከሬሳው ላይ ገፍፋ ለብሳ ካሜራውን ስታነሣ፣ ከልጆቹ አንዱ «አሁን ደግሞ እሷ ናት» አለ፤ ሌላ ሰው አልተናገረም። መብራት ስናበራ ልጆቹ በወንበሩ መደገፊያ ላይ የቆለሉትን ጃኬቶቻቸውን እያነሡ፣ በፊልሙ ውስጥ ሰዎች በካሜራ ፊት የሚምሉትን መሐላ፣ ዳግመኛ ጃኬት ላለመልበስ የሚምሉትን፣ እየደጋገሙ ይሳሳቁ ነበር። የማርቆስ ብርድ ውጭ ጠብቋቸዋልና ሁሉም ለብሰው ወጡ።

ሰኞ ጠዋት እትዬን ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ አገኘኋቸው። ሰላምታ ተለዋውጠን፣ ዱቄታቸውን ተቀብዬ አብሬያቸው ስሄድ፣ ከበራቸው ስንደርስ ቆም አሉና «ያንን ልጅ ግን ለምን መታው?» አሉኝ። ስላየው ብቻ እንደ ሆነ ነገርኳቸው። «ስላየው» አሉ፤ ቁልፋቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው በሩን ከፈቱና «በል ግባ፣ ቡና ጠጥተህ ትሄዳለህ፣ አባቱ ምን እንዳደረገ ትነግረኛለህ» አሉኝ።