ፊፍቲ ወይስ ፊፍቲን?

ዛሬ 9ኛ ክፍል ውስጥ የሆነውን ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ድሮ ስልኬ ላይ አውርጄ ካስቀመጥኳቸው የእንግሊዝኛ ዜናዎች አንዱን መርጬ፣ ስፒከሬን ማታውኑ ቻርጅ አድርጌ ነው የሄድኩት (መብራት እንደሚጠፋ ልቤ ነግሮኛል፣ ጠፋም)። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ለቋንቋ ተማሪዎች ቀስ ብሎ ያነበው የነበረው ዓይነት ነው፤ በ1959 እ.ኤ.አ. ስፔሻል ኢንግሊሽ ተብሎ የተጀመረው፣ 1,500 ገደማ ቃላት ላይ የቆመው።

መጀመሪያ ደብተር አዘግቼ አሰማኋቸው። ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ የሰማችሁትን በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ አልኩ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ፊፍቲ ይላል፣ ግማሹ ፊፍቲን። ሁሌ የኋላ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ፣ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ብድግ ብላ "ኖ ቲቸር፣ ፊፍቲን! መጨረሻዋን ረዘም አደረጋት እኮ" አለች። ደግሜ ከፈትኩት። ልክ ነበረች! ከዚያ ጽሑፉን አነበብን፣ አምስት አምስት መስመርም ጻፉ።

እስከ ዛሬ ሰኞ ሰዋስው፣ ማክሰኞ ንባብ እያልኩ ስከፋፍል ኖሬ ማዳመጥ ላይ ስደርስ ወይ እዘለዋለሁ ወይ ራሴ አነብላቸዋለሁ፣ ያውም በዚህ አክሰንቴ። ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው፣ ጆሯቸው የለመደው ግን የእኛን የመምህራኑን እንግሊዝኛ ብቻ።

የቤት ሥራው በቴሌግራም ድምፅ ቀድቶ መላክ ነው። ስልክ የሌላቸውን ካላቸው ጋር አጣምሬያቸዋለሁ። አሁን ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፣ 14 ደርሶኛል፣ አንዱ ላይ ከኋላ እናትየዋ "እራት ቀረበ!" ትላለች።