ጥር 11 ቀን የተጻፈው ደብዳቤ

በአዲስ አበባ ከሚገኙ ሆስፒታሎች በአንዱ መዝገብ ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስሠራ፣ ከዓመት ዓመት እየበዛ የመጣብኝ ጥያቄ «ይህ ደብዳቤ በእርግጥ ከእናንተ የወጣ ነው?» የሚለው ነው። ቀድሞ ይህን የሚጠይቁን ባንኮች ነበሩ፤ ለውጭ ሀገር ሕክምና የውጭ ምንዛሪ ይፈቅዱ የነበረው ሐኪሞች በጋራ በሚሰጡት የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ስለነበር ወረቀቱን ሳያጣሩ አይከፍሉም ነበር። አሁን ግን እድሮች፣ የሠራተኞች መረዳጃ ማኅበራትና የሰፈር ኮሚቴዎች፣ አንዳንድ ጊዜም አሜሪካ ወይም ዐረብ ሀገር ሆነው ለአንድ በሽተኛ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሰዎች በዘመዶቻቸው በኩል ይጠይቁናል። በከተማው ውስጥ የታማሚ ፎቶግራፍ ለጥፈው በድምፅ ማጉያ የሚለምኑ መኪኖችን ያየ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም። አብዛኞቹ ለጋሾችን የሚማጸኑት በእውነት ቸግሯቸው መሆኑን ከሥራዬ ጠባይ አውቃለሁ። ይህ ገጠመኝ ግን እውነት ስላልነበረው አንድ ልመና ነው።

ጉዳዩን ይዘው የመጡት የአንድ ድርጅት የሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር ኮሚቴ አባላት ነበሩ። ሰብሳቢው ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ አዛውንት ሲሆኑ፣ ወረቀቱን ከኪሳቸው ከማውጣታቸው በፊት ደጋግመው ይቅርታ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ የታመመ ሰው መጠርጠር ነውር ነው፤ እግዚአብሔርም አይወደውም። ነገር ግን በእጃችን ያለው የሰው ገንዘብ ነው» አሉኝ። ገንዘብ ያዥዋ ምንም አልተናገረችም፤ ደረሰኞች የታጨቁበትን ፋይል ታቅፋ ቆማለች። ባልደረባቸው ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ስላቆሙ ሕንድ ሀገር ሄዶ ንቅለ ተከላ እንዲደረግለት ቦርድ ወስኖለታል ተብሎ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር ከሁሉም ደመወዝ ላይ መዋጮ ሲቆረጥ ወራት አልፈዋል። ለኩላሊት እጥበት፣ ማለትም ደሙን በማሽን ለማጣራት፣ የሚባለውንም በየሳምንቱ በጥሬው ይቀበላቸው ነበር።

ደብዳቤው በመጀመሪያ ሲታይ የሚያስነቅፍ አልነበረም። አርማው በቦታው አለ፣ ክብ ማኅተሙ አልደበዘዘም፣ ከሥሩ የሦስት ሐኪሞች ስም ያለበት ቲተር ተመትቶ ተፈርሞበታል። ማኅተምና ቲተር ማስቀረጽ አስቸጋሪ ሥራ አለመሆኑን ግን መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ፣ እኛ መጀመሪያ የምናየው ማኅተሙን ሳይሆን ቀኑንና ወጪ ቁጥሩን፣ ማለትም ደብዳቤው ከመሥሪያ ቤቱ ሲወጣ በመዝገብ የሚሰጠውን ቁጥር ነው። ቀኑ ጥር 11 ይላል። በጥምቀት ዕለት ድንገተኛ ክፍሉ ክፍት ነው፣ ማዋለጃውም እንደዚያው፤ ቦርድ ግን አይሰበሰብም፣ መዝገብ ቤትም ተዘግቶ ይውላል። የወጪ መዝገቡን ገልጬ ቁጥሩን ስፈልግ፣ በዚያ ቁጥር የተላከው ለአንድ አቅራቢ ስለ ጽዳት ዕቃ ግዢ የተጻፈ ደብዳቤ ሆኖ አገኘሁት። ከፈረሙት ሐኪሞች አንዱ ደግሞ በዚያን ወቅት ለትምህርት ከሀገር የወጡ ነበሩ።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን በመካከሉ የተጻፈ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሕክምና በሀገራችን ስለማይሰጥ» ይላል። ይህ አባባል በአሮጌ የቦርድ ደብዳቤዎች ላይ በትክክል ይገኝ ነበር። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የንቅለ ተከላ ማዕከል ተከፍቶ፣ በሕይወት ካለ ዘመድ በሚለገስ ኩላሊት ሕክምናው ከተጀመረ ወዲህ ግን ቦርዱ በሽተኛው ለምን እዚህ እንደማይታከም ምክንያቱን መግለጽ ይኖርበታል። ደብዳቤውን ያዘጋጀው ሰው የሌላ በሽተኛ አሮጌ ደብዳቤ አግኝቶ ስምና ቀን ብቻ እንደቀየረበት ከዚህ መገመት ይቻላል። የዚያ የመጀመሪያው በሽተኛ መጨረሻ ምን ሆኖ ይሆን ብዬ ሳስብ ውያለሁ።

እንግዶቼ መልሱን እዚያው እንድነግራቸው ፈልገው ነበር። እኔ ግን ጥያቄያቸውን በማኅበሩ ደብዳቤ እንዲያቀርቡ ጠየቅኋቸው፤ ይህም ለቢሮክራሲ ፍቅር አይደለም። አንድ ሰው በሆስፒታላችን ይታከም ወይም አይታከም፣ ሕመሙም ምን እንደሆነ ያለ ፈቃዱ ለሦስተኛ ወገን መግለጽ የተከለከለ ነው፤ ሰውየው አታላይ ቢሆንም የካርዱ ምስጢር ምስጢር ነው። ስለ ራሳችን ወረቀት ግን መናገር እንችላለን። ስለዚህ በኃላፊያችን ፊርማ የወጣው መልስ «በተጠቀሰው ቁጥርና ቀን ከመሥሪያ ቤታችን ወጪ የተደረገ ደብዳቤ የለም» ከሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አላለፈም። አዛውንቱ አንብበው ሲጨርሱ፣ «ታዲያ ታሟል ወይስ አልታመመም?» ብለው ጠየቁኝ። «አባቴ፣ እሱን እርሱ ራሱ ነው የሚነግርዎት» አልኋቸው።

ኮሚቴው ከዚያ በኋላ ያደረገውን እንደ ጥሩ ዘዴ ቆጥሬዋለሁ። ሰውየውን በቀጥታ አልከሰሱትም፤ «ከእንግዲህ የእጥበትህን ወጪ ማኅበሩ በቀጥታ ለማዕከሉ በባንክ ይከፍላል፤ የምትታጠብበትን ቦታ ብቻ ንገረን» አሉት። በቋሚነት የሚታጠብ በሽተኛ ይህን ቢሰማ ዕረፍት ያገኝ ነበር፤ ለእርሱ ግን ዱብ ዕዳ ሆነበት። መጀመሪያ ማዕከሉን ቀይሬያለሁ አለ፤ ቀጥሎም እጥበቱን አቁሞ ጸበል መጀመሩን ተናገረ። በጸበል የሚያምን ሰው በጸበል አይከራከርምና ኮሚቴው ለጥቂት ጊዜ አፉን ያዘ። ነገሩን የቋጨችው ገንዘብ ያዥዋ ነበረች። አክስቷ የኩላሊት በሽተኛ ስለነበሩ፣ ዘወትር የሚታጠብ ሰው ክንዱ ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ በቀዶ ሕክምና የተገናኙበት፣ ሲዳስሱት የሚነዝር ፊስቱላ እንደሚኖረው፣ ፊስቱላ ያልተሠራለትም አንገቱ ወይም ደረቱ ላይ ቱቦ እንደሚገባለት ታውቃለች። እጥበት ያቆመ ሰውም ሰውነቱ ውኃ ቋጥሮ በቀናት ውስጥ ትንፋሽ እንደሚያጥረው በዓይኗ አይታለች። «የት ላይ ነው የሚወጉህ?» ብላ ጠየቀችው። ሰውየው እጅጌውን አልሰበሰበም፤ ተነሥቶ ወጣ፣ በማግስቱም ሥራ አልገባም።

በሆስፒታላችን ለሚሠሩ አንድ የአእምሮ ሐኪም ነገሩን ስም ሳልጠራ አጫውቻቸው ነበር። ያላዩትን ሰው እንደማይመረምሩ ካስጠነቀቁኝ በኋላ፣ ሁለት ነገሮችን ለይቼ እንዳይ ነገሩኝ። ለገንዘብ ወይም ከሥራ ለመቅረት ሲል ታምሜያለሁ የሚል ሰው አታላይ እንጂ በሽተኛ አይባልም። በሌላ በኩል ምንም የሚታይ ጥቅም ሳያገኝ፣ ታማሚ ሆኖ መታየትንና መታዘንን ብቻ ሽቶ ሐኪሞችን የሚያሳስት፣ አንዳንዴም ራሱን እስከመጉዳት የሚደርስ ሰው አለ፤ ይህ የታወቀ የአእምሮ ሕመም ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ አሸር እ.ኤ.አ. በ1951 በተጋነኑ ተረቶቹ በሚታወቀው በባሮን ሙንቻውሰን ስም «ሙንቻውሰን ሲንድረም» ብሎ የሰየመው ከዚህ ሕመም ክፉኛ የጸናውን ዓይነት ነው። ሐኪሙ እንዳሉኝ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ተደባልቀው የሚገኙበት ጊዜም አለ። እኔም የኮሚቴው ሰብሳቢ የነገሩኝን አስታወስሁ፦ ሰውየው በመጀመሪያ ያመመኝ ያለው ለብዙ ቀናት ከሥራ የቀረበትን ምክንያት ለመሸፈን ነበር፤ ከዚያ በፊት ሰላም የማይለው ሰው ሁሉ ብርቱካን ይዞ ቤቱ ሲጎርፍ ጊዜ ግን መመለሻው ጠፋው። «ገንዘቡ አይደለም ያሳበደው፣ ጠያቂው ነው» ነበር ያሉኝ። ይህ የርኅራኄ አስተያየት ትክክል ይሁን አይሁን አልፈርድም፤ ገንዘቡን ግን አንድም ቀን አልመለሰም።

ነገሩ የእኛ ሀገር ብቻ አይደለም። አማንዳ ራይሊ የተባለች የካሊፎርኒያ ሴት ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት የሊምፍ ካንሰር ይዞኛል እያለች፣ ጸጉሯን ተላጭታ፣ የሐኪም ደብዳቤና የሕክምና ማስረጃ አስመስላ እየሠራች ከ349 ለጋሾች ከ105,000 ዶላር በላይ ሰብስባለች፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የ5 ዓመት እስራት ተፈረደባት። ለእኔ ትኩረት የሚስበው ጉዳዩን ካጣሩት መካከል የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት መርማሪዎች መኖራቸው ነው፤ እዚያም እንደ እዚህ እውነቱን ያወጣው የሰውነት ምርመራ ሳይሆን ሰነድ ነው። በሀገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን እንደ ክብደቱ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በመቀጮ ይቀጣል፤ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገልም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ማኅበሩ ለፖሊስ አመልክቶ እኛም የወጪ መዝገቡን ገጽ ቅጂ ሰጥተናል።

ዋናው ጉዳት የደረሰው ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ ሳይቆይ ቀደም ሲል ከደመወዟ መዋጮ ይቆረጥባት የነበረችው የጽዳት ሠራተኛ ራሷ የኩላሊት በሽተኛ ሆነች። አባላቱ «ደግሞ ሌላ?» ብለው መዋጮውን አልፈርምም አሉ። አዛውንቱ እንደነገሩኝ፣ በስብሰባ መካከል እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ ፊስቱላዋን ለሚጠራጠር ሁሉ ዳስሱት ብላለች። ይህን ስሰማ በሐሰተኛው ደብዳቤ ያልተሰማኝ ቁጣ ተሰማኝ፤ በሽተኛ ሰው በባልደረቦቹ ፊት እንደ ተከሳሽ ቆሞ ገላውን በማስረጃነት ማቅረብ አልነበረበትም። ወደ እኛም የመጣችው ሕክምና ፈልጋ አይደለም፤ ደብዳቤዋ በእጇ ሳይሰጣት በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ለማኅበሩ እንዲላክላት ለመጠየቅ ነው። እንደ ጥያቄዋ አድርገን የወጪ ቁጥሩን ለኮሚቴው በስልክ ጭምር ነገርናቸው።

አሁን ማኅበሩ የእጥበቷን ክፍያ ለማዕከሉ በቀጥታ ያስተላልፋል፣ ደረሰኙም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ይሁን እንጂ ለመዋጮው የፈረሙት ከቀድሞዎቹ ግማሽ አይሞሉም። ሐኪሟ ያዘዘላት በሳምንት 3 ጊዜ ነው፤ ገንዘቡ የሚበቃው ለ2 ነው።